ቺፕውድ፦ ከውዳቂ ተሠርቶ ውዳቂ የሆነው እንጨት

በአዲስ አበባ ዛሬ የሚሸጠው ቁም ሣጥንና የቢሮ ጠረጴዛ ብዙው ጣውላ አይደለም፤ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ነው። ሲሰበር ይጣላል፣ አለዚያም ይነድዳል። የሚገርመው ግን ይህ ዕቃ መጀመሪያ የተፈጠረው የሚጣል እንጨት እንዳይባክን ተብሎ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካዊው ዊልያም ሜሰን በሚሲሲፒ ግዛት፣ ላውረል ከተማ፣ የእንጨት መሰንጠቂያዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ በእንፋሎት ኃይል በትኖ፣ መልሶ በመጭመቅ ሀርድቦርድ ሠራ። በጀርመን ማክስ ሂመልሄበር በ1930ዎቹ ፍቅፋቂና ቁርጥራጭን በሙጫ አጣብቆ ሰሌዳ የመሥራት ዘዴ አበጀ። በጦርነቱ መሃል፣ በ1941፣ ብሬመን ውስጥ ቺፕውድ ለገበያ መመረት ጀመረ። እንጨት ያጠረው ዓለም እፎይ አለ።

ችግሩ የመጣው ከሙጫው ነው። ርካሽ ሆኖ የተስፋፋው ሙጫ ከዩሪያና ከፎርማልዲሃይድ የሚሠራ ነው። አንዴ ከደረቀ በሙቀት ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ አይቀረጽም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ፎርማልዲሃይድን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ስለዚህ የተሰበረ ቺፕውድን ማድቤት ውስጥ ማንደድ ተራ ማገዶ እንደማንደድ አይቆጠርም።

መፍትሔው ከጠፋ ግን ቆይቷል ማለት አይቻልም። ቺፕውድ ውሃ ሲነካው የሚያብጠው የተጨመቀው እንጨት ውሃ ስለሚመጥና ሙጫውም እርጥበትና ሙቀት ስለማይችል ነው። ይኸው የሙጫው ድክመት በእንፋሎት ፈትቶ እንጨቱን መልሶ ለማውጣት ይጠቅማል። ከዚያ የሚቀለው ደግሞ ፈጭቶ ለአዲስ ቺፕውድ ማዋል ነው። ኤምዲኤፍ ቃጫው የደቀቀ በመሆኑ ሲፈጭ ዱቄት ይሆናል፤ እሱ ይከብዳል።

ዘዴውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የተጠቀመበት ግን የቸገረው ነው። ጀርመን አብዛኛውን አሮጌ እንጨቷን ለኃይል ማመንጫ ታነድደዋለች። «ሰጋቱራ» የሚለውን ቃል ለአማርኛ ያዋሰችው ጣሊያን ግን የራሷ እንጨት አይበቃትም። በ1997 የወጣው ሕጓ የእንጨት ማሸጊያ ተለይቶ እንዲሰበሰብ መንገድ ከፈተ። በቪያዳና ከተማ ያለው የሳቪዮላ ፋብሪካም ሙሉ በሙሉ ከተጣለ እንጨት ቺፕውድ ያመርታል።

ኢትዮጵያ በእንጨት እጥረት ከጀርመን ይልቅ ለጣሊያን ትቀርባለች። የጣሊያን ታሪክ የሚያሳየው ደግሞ ሥራው ከማሽን በፊት የሚጀምረው ከመለየት መሆኑን ነው፦ አሮጌው ቁም ሣጥን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቀል፣ እሳትም ሳይደርስበት፣ የሚረከበው ሰው ማግኘት አለበት።