ከበርሊን አዳራሽ እስከ ዘነበወርቅ ቤተ ሙከራ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በጅማ መንገድ በኩል ያለው የዘነበወርቅ ሰፈር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ያኔ ከተማው ገና አልደረሰበትም ነበር። ሕሙማንን ከሰው መለየት የዘመኑ ሕክምና አሠራር ነበር፤ ለዚህም በ1897 በርሊን ላይ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ ድጋፉን ሰጥቶ ነበር።

የጉባኤተኞቹ ዋና ማስረጃ ማይክሮስኮፕ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን በ1873 ከሕሙማን በተወሰደ ናሙና ውስጥ የበሽታውን ተሕዋስ አይተው፣ በሽታው በዘር አይወረስም የሚለውን ክርክር አጠንክረዋል። ትልቅ ግኝት ነው። ይሁንና ማይክሮስኮፕ ተሕዋሱ መኖሩን እንጂ፣ ከተጋለጠው ሰው ስንቱ እንደሚታመም አይናገርም። ሊቃውንቱ ግን የኖርዌይን የማግለል አሠራር ለሌላው አገር አርአያ አደረጉት። መሣሪያው ካሳየው አልፈው ፈረዱ፤ ዕዳውን የከፈሉት በአዳራሹ ያልነበሩ ሕሙማን ናቸው።

በ1965 በዘነበወርቅ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ በ1970 ደግሞ በዚያው ግቢ በሐንሰን ስም የምርምር ተቋም ተከፈተ። የተቋሙ ተመራማሪዎች ቶሬ ጎዳልና ነጋሲ በ1973 ባሳተሙት ጥናት ከሕሙማን ጋር የኖሩ ሰዎችን ነጭ የደም ሴል መረመሩ። ብዙዎቹ ሳይታመሙ ሰውነታቸው ተሕዋሱን ለይቶ ያውቀው ነበር። ተሕዋሱ ብዙ ሰው ያገኛል፤ የሚታመመው ግን ጥቂቱ ነው ማለት ነው። በርሊን ያልጠየቀችው ጥያቄ እዚህ ተመለሰ ብል አላጋነንኩም።

ሁለተኛው ፈተና መድኃኒት ነበር። ተሕዋሱ በብልቃጥ ውስጥ አይራባም፤ ተመራማሪው ቻርልስ ሼፐርድ በ1960 በአይጥ መዳፍ ውስጥ እንደሚራባ እስካሳዩ ድረስ መድኃኒት ሠራ አልሠራ ብሎ በቤተ ሙከራ መለየት አይቻልም ነበር። ውጤቱ ወራት ይፈጃል። ተመራማሪው ፒርሰንና ባልደረቦቻቸው በዚህ ዘዴ ከአዲስ አበባ ሕሙማን የተወሰደውን ተሕዋስ ፈትነው፣ ዳፕሶን የተባለው የሥጋ ደዌ መድኃኒት የማይበግረው ተሕዋስ መኖሩን በ1970ዎቹ አሳወቁ። ከዚያ በፊት መድኃኒቱን ባልወሰዱ ሕሙማን ላይ ጭምር ተገኘ።

በጥቅምት 1981 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን ጄኔቫ ሲሰበሰብ፣ እንዲህ ያለ መረጃ ከብዙ አገር ተከማችቶ ነበር። ውሳኔውም ግልጽ ነበር፤ አንድ መድኃኒት ብቻውን አይሰጥ። ተሕዋሱ የበዛባቸው ሕሙማን ሪፋምፒሲንን በወር አንዴ በሐኪም ፊት፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚንን በየቀኑ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲወስዱ ተመከረ። ኢትዮጵያ ሕክምናውን በ1983 ጀመረች።

እኔ ከጉባኤው በላይ የምደነቀው በኋላ በተከተለው ነው። አለርት ከ1988 ጀምሮ ሕክምናውን የጀመሩ ሕሙማንን በመካከለኛው ኢትዮጵያ ለዓመታት ተከታተለ። በሽታው ያገረሸባቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ መድኃኒቱ ሠርቷል። ጥናቱ ግን ተሕዋስ ቆጥሮ አላበቃም፤ የእጅና የእግር ስሜትን፣ የጡንቻን ብርታት፣ ዓይንን ጭምር መዘነ። በዚህም ሕክምና ከተጀመረ በኋላ የነርቭ ጉዳት የሚደርስባቸው ሕሙማን እንዳሉ፣ ቶሎ ከተደረሰበትም ብዙው እንደሚድን ታወቀ።