ፖፓይ የማን ነው? የአንድ አሮጌ ውል ታሪክ

አንድ ፊልም የማን ነው ቢባል፣ ብዙዎቻችን «የሠራው ሰው ነዋ!» ብለን እንመልስ ይሆናል። ከቆርቆሮ ስፒናች እየዋጠ ጡንቻው የሚያብጠው የመርከበኛው የፖፓይ ታሪክ ግን መልሱ ይህን ያህል ቀላል አለመሆኑን ያሳያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖፓይ የተወለደው በጋዜጣ ላይ ነው። በ1929 ኤልዚ ሲጋር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ለኪንግ ፊቸርስ ድርጅት በሚያዘጋጀው ተከታታይ ሥዕል ውስጥ አስገባው፤ የገጸ ባሕርዩም መብት የድርጅቱ ሆነ። በ1933 የፍላይሸር ወንድማማቾች ስቱዲዮ ከኪንግ ፊቸርስ ፈቃድ አግኝቶ ወደ ፊልም አመጣው፤ አከፋፋዩ ፓራማውንት ነበር። እስከ 1957 ድረስ ከ200 በላይ አጫጭር ፊልሞች ለሲኒማ ቤቶች ተሠሩ። እንግዲህ ከመነሻው ባለመብቶቹ ሁለት ነበሩ፤ መርከበኛው የአንዱ፣ ፊልሙ የሌላው።

በ1956 አሶሼትድ አርቲስትስ ፕሮዳክሽንስ የተባለ ኩባንያ ፊልሞቹን ገዝቶ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከፋፈለ። ልጆች እጅግ ወደዷቸው። ኪንግ ፊቸርስም ሌላው ሲጠቀም ቆሞ ማየት ስላልፈለገ ከ1960 እስከ 1962 ድረስ 220 አዳዲስ ፊልሞችን ለቴሌቪዥን አሠራ። በጥድፊያና በአነስተኛ ወጪ የተሠሩ ስለሆኑ፣ በእኔ ግምት ከፍላይሸር ሥራዎች ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። የቀድሞዎቹ ፊልሞች በበኩላቸው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ፤ በ1958 ለዩናይትድ አርቲስትስ፣ በ1981 ለኤም ጂ ኤም፣ በ1986 ለቴድ ተርነር፣ በ1996 ለታይም ዋርነር።

በዚህ መካከል የቪዲዮ ካሴት መጣ። ቤታማክስ በ1975፣ ቪ ኤች ኤስ በ1976 ለገበያ ቀረቡ። ውሉ በተፈረመበት በ1956 ግን ሰው ፊልም ገዝቶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ስምምነቱ የሚናገረው ስለ ቴሌቪዥን ነው። በ1983 የፊልሞቹ ባለቤት በካሴት ሊያወጣቸው ሲነሣ ኪንግ ፊቸርስ ተቃወመ። በቴሌቪዥን ማሳየት ተፈቅዷል፤ በካሴት መሸጥ ግን በውሉ የለም ነው ክርክሩ። ሥራው ቆመ። የታሪክ መምህራን ሰነድ ስናስነብብ ተማሪው የተጻፈውን ብቻ እንዲፈልግ እናደርጋለን፤ እዚህ ግን ዋናውን ጉዳት ያደረሰው ያልተጻፈው ነው።

ነገሩ የሚያስገርም መልክ ያዘ። በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀድቶ በኋላ ቤቱ ቢያየው ሕግ አልጣሰም ሲል ወሰነ። ስለዚህ ተመልካቹ ፖፓይን ከቴሌቪዥን መቅዳት ሲችል፣ ባለ ፊልሙ መሸጥ አልቻለም። ከዚህም ሌላ፣ ባለቤቶቻቸው የቅጂ መብታቸውን በጊዜው ስላላሳደሱላቸው ነጻ የወጡ ጥቂት ፊልሞች ነበሩ፤ የ1937ቱ የአሊ ባባና የ1939ኙ የአላዲን ታሪክ ከእነዚህ ይገኙበታል። እነዚህን ማንም እያባዛ በርካሽ ካሴት ሸጣቸው፤ ብዙውን ጊዜም ሥዕሉ የደበዘዘ ነበር። ጠባቂ ያጡት በየሱቁ ሲታዩ፣ ሁለት ጌታ ያላቸው ተቆልፈው ቀሩ።

ዋርነርና ኪንግ ፊቸርስ የተስማሙት በ2006 ነው። ከ1933 እስከ 1938 ከተሠሩት 60 ፊልሞች የተጠናቀሩበት ዲቪዲ በሐምሌ 2007 ወጣ። በ1983 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ያን ጊዜ 34 ዓመት ሞልቶት ነበር።

በጥር 1 ቀን 2025 ሲጋር በ1929 የሣለው ፖፓይ በአሜሪካ ከቅጂ መብት ነጻ ወጣ። የመጀመሪያው የ1933 ፊልም ግን እስከ 2028 መጨረሻ ድረስ ባለቤት አለው።