በባዶ እግሩ ዜብራ የተሻገረው ሰው

ኦገስት 8 ቀን 1969፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ። ለንደን ውስጥ አቢ ሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ አንድ ፖሊስ መኪኖችን አቆመ። ኢየን ማክሚላን የተባለ ፎቶ አንሺ መሰላል ላይ ወጥቶ ካሜራውን አስተካከለ። አራት ወጣቶች በዜብራው ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። ፎቶ አንሺው ስድስት ጊዜ አነሳቸው፤ ከስድስቱ አምስተኛው ተመረጠ። ሥራው ሁሉ የአሥር ደቂቃ ያህል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የሊቨርፑሎቹ ልጆች፣ ቢትልስ፣ ያን ፎቶ ሽፋን አድርገው «አቢ ሮድ» የተሰኘውን ሸክላቸውን ሴፕቴምበር 26 ቀን አወጡ። በሽፋኑ ፊት ላይ የባንዱ ስም የለም። የሸክላውም ስም የለም። አራት ሰዎች መንገድ ይሻገራሉ፤ ይኸው ነው። አፍቃሪዎቻቸው ግን «ይኸው ነው» ብለው የሚያልፉ ሰዎች አልነበሩም።

ከፊት የሚሄደው ጆን ሌነን ነጭ በነጭ ለብሷል፤ እሱ ቄሱ ነው ተባለ። ቀጥሎ ያለው ሪንጎ ስታር ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ እሱ ቀብር አስፈጻሚው ነው። ከኋላ የሚከተለው ጆርጅ ሃሪሰን ጂንስ በጂንስ ነው፤ እሱ ደግሞ ጉድጓድ ቆፋሪው። ሦስተኛው ፖል ማካርትኒ ባዶ እግሩን ነው። እርምጃው ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም፤ ግራኝ ሆኖ ሳለ ሲጋራውን በቀኝ እጁ ይዟል። እንግዲህ ሬሳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው! ከኋላ አንዲት ነጭ ቮልስ ቆማለች። ታርጋዋ ላይ ከ28 ቁጥር ጎን ያሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተገጣጥመው ሲነበቡ «ቢሆን ኖሮ» የሚል ስሜት ይሰጣሉ። ፖል በሕይወት ቢኖር ኖሮ 28 ዓመቱ ነበር ማለት ነው። ሸክላው በወጣበት ወር ፖል 27 ዓመቱ ስለነበረ ሂሳቡ አልሞላም። ለዚህም መላ አልጠፋም፤ ዕድሜ ከማሕፀን ጀምሮ የሚቆጠርበት አገር አለ ተባለና 28 ሞላ።

ወሬው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ፖል ማካርትኒ በ1966 መጨረሻ በመኪና አደጋ ሞቷል፤ ጓደኞቹ መልኩ የሚመስል ሰው አምጥተው በቦታው አስቀምጠዋል፤ ሐዘናቸው ስላላስቻላቸው ግን በየሸክላው ሽፋንና በየዘፈኑ ምልክት እየተዉ ለአፍቃሪው ሹክ ይሉታል። ወሬው በአሜሪካ ተማሪዎች መካከል ተዛመተ። ሴፕቴምበር 17 ቀን አይዋ ውስጥ የሚገኘው የድሬክ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ ጻፈው። ኦክቶበር 12 ቀን አንድ ሰው ዲትሮይት ከተማ ላለው የራዲዮ አዘጋጅ ለረስ ጊብ ስልክ ደወለና አንዱን ሸክላ ወደ ኋላ አሽከርክረህ አሰማን አለው። አዘጋጁም አሽከርክሮ አሰማ። ከሁለት ቀን በኋላ ፍሬድ ላቦር የሚባል የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ አዲሱ ሸክላ ሂስ እንዲጽፍ የተሰጠውን ገጽ በፖል ሞት ታሪክ ሞላው። በምትኩ ገባ ለተባለው ሰው ስም ያወጣለት እንኳ ይኸው ተማሪ ነው። ለቀልድ የጻፈው ነገር ዓለምን ዞረ። በኅዳር ወር ለቴሌቪዥን በተዘጋጀ የይስሙላ ችሎት ላይ ምስክር ሆኖ ሲጠራ፣ ያነጋገረውን ስመ ጥር ጠበቃ ኤፍ ሊ ቤይሊን «እኔ እኮ የፈጠርኩት ነው» አለው። ጠበቃው ግን የአንድ ሰዓት ፕሮግራም መሙላት እንዳለባቸው ነገረው። ሰዓቱም ተሞላ።

ለእኛ ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ሰምና ወርቅ እያለ ያደገ ሰው ኅብረ ቃል ሲፈልግ ቢያመሽ ማን ይስቅበታል? በደርግ ዘመን የወጣው የፍቅር ዘፈን ሁሉ «ይህ ለሴት የተዘፈነ አይደለም» እየተባለ ሲፈተሽ እንደነበር ታላላቆቻችን አጫውተውናል። ሳንሱር ባለበት አገር ይህ ዓይነቱ አደማመጥ ብልኅነት ነው፤ ዘፋኙም ይደብቃል፣ ሰሚውም ይፈልጋል፣ ሁለቱም ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። የለንደኖቹ ልጆች ግን ማንን ፈርተው ይደብቃሉ? ይህ ጥያቄ ሲያስቸግረኝ ከቆየ በኋላ ከ1969 ወደ ኋላ ሄጄ የአፍቃሪዎቹን ሙግት መመርመር ጀመርኩ። እዚያ ያገኘሁት ነገር ሰዎቹን እንዳከብራቸው አድርጎኛል። የሽፋን ምርመራን ያስተማራቸው እውነተኛ ነገር ነበርና።

በ1966 የአሜሪካው ካፒቶል ኩባንያ «የስተርዴይ ኤንድ ቱዴይ» የሚል ሸክላ ሊያወጣ ተዘጋጀ። ሮበርት ዊቴከር የተባለ ፎቶ አንሺ በዚያው ዓመት መጋቢት ያነሳው ፎቶ ሽፋን ሆነ። በፎቶው ላይ አራቱ ልጆች ነጭ የሥጋ ቤት ካፖርት ለብሰው፣ ጥሬ ሥጋና የተገነጣጠሉ አሻንጉሊቶች ታቅፈው ይስቃሉ። ሸክላው ቀድሞ የደረሳቸው ነጋዴዎችና የራዲዮ ሰዎች ጮኹ። ኩባንያው 750,000 ያህል ሽፋን አትሞ ነበርና ኪሳራውን ለመቀነስ ከፊሉን በጨዋ ፎቶ ላዩ ላይ ለጥፎ ሸጠው። አፍቃሪው ይህን ሲሰማ ምን አደረገ? ማንቆርቆሪያ ጣደ። በእንፋሎት እያራሰ ላዩን ላጠው። ከሥሩ ሥጋና አሻንጉሊት ብቅ አለ! እስቲ አስቡት፤ ሽፋን ልጦ የተደበቀ ሥዕል በገዛ እጁ ያወጣ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ «በዚህኛው ሽፋን ምንም የለም» ቢሉት እንዴት ይመን?

ስለ አባላቱ ያለው ሙግት ደግሞ ከዚህም ይቀድማል። ኦገስት 16 ቀን 1962 ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ከበሮ መቺውን ፒት ቤስትን ቢሮው ጠርቶ አሰናበተው። ፒት ሁለት ዓመት አብሯቸው የቆየ፣ ሴቶች የሚወዱት መልከ መልካም ልጅ ነበር። የሊቨርፑል ልጆች ካቨርን በተባለው ምድር ቤት ክበብ ተሰብስበው ፒት ይመለስ፣ ሪንጎ ይውጣ እያሉ ጮኹ። ጆርጅም በግርግሩ ዓይኑ ጠቁሮ ወጣ። ሙግቱ ዛሬም አልበረደም። የባንዱ የመጀመሪያ ሸክላ የሆነውን «ላቭ ሚ ዱ»ን ብቻ ብንወስድ፣ በጁን ወር ፒት ቀረጸው፤ ሴፕቴምበር 4 ቀን ሪንጎ ቀረጸው፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን ደግሞ አንዲ ዋይት የሚባል በክፍያ የመጣ ባለሙያ ከበሮውን ሲመታ ሪንጎ ታምቡሪን ብቻ ይዞ ቆመ። አዋቂው አፍቃሪ ታምቡሪኑን ሲሰማ «ይሄ የዋይት ነው» ይልሃል። ለአንድ የሁለት ደቂቃ ተኩል ዘፈን ሦስት ከበሮ መቺ! ይህን የመሰለ ጆሮ በእኛ አገር ቢበዛ ከበሮ መቺዎቻችን ስማቸው ካሴቱ ላይ ሳይጻፍ ባልቀረም ነበር።

ከሙግቶቹ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን «ሪቮልቨር» በተባለው ሸክላ ላይ የሚነሳው ነው። እንግሊዝ ውስጥ በኦገስት 1966 የወጣው 14 ዘፈን ነበረው፤ በዚያው ወር አሜሪካ የወጣው 11። የተቀነሱት ሦስቱም የሌነን ሲሆኑ፣ ካፒቶል ሥጋና አሻንጉሊት ባለበት በዚያ በተለጠፈው ሸክላ ላይ ቀድሞ ሸጧቸው ነበር። በዚህ ምክንያት አሜሪካዊው የያዘው «ሪቮልቨር» ላይ ሌነን መሪ ሆኖ የሚዘፍነው ሁለቱን ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የሚያውቀው ሸክላ ላይ ሌነንና ማካርትኒ ተፎካካሪ ናቸው፤ አሜሪካዊው በሚያውቀው ላይ ሌነን እንግዳ ይመስላል። በ1987 የእንግሊዙ ቅጂ በሲዲ ታትሞ መደበኛው እስኪሆን ድረስ ሁለቱ ወገኖች «ያ ሸክላ የማን ነው?» እያሉ 20 ዓመት ተሟገቱ። ሁለቱም የሚናገሩት እጃቸው ላይ ስላለው ሸክላ ነበር፤ የሁለቱ እጅ ላይ ያለው ግን አንድ ሸክላ አልነበረም።

እኔ ራሴ ቢትልስን በልጅነቴ የሰማሁት ከሰው ተውሶ በተቀዳ ካሴት ነው። ሽፋኑ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ሲሆን የ1963ቱ ዘፈን ከ1969ኙ ጎን ተሰልፏል። ያን ካሴት የሰማ ሰው ባንዱ አንድ ቀን ማለዳ ሁሉንም ዘፍኖ የጨረሰ ይመስለዋል። የሚሻገር ሰው የለ፣ ቮልስ የለ፣ ምርመራ የለ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ፖል መሞት ሳንከራከር የቀረነው አስተዋይ ሆነን ሳይሆን ሽፋን አጥተን ነው።

የትኛውን ዘፈን ማን ደረሰው የሚለው ክርክር ረጅም ስለሆነ አልገባበትም። ሁለቱ ልጆች ገና በጠዋቱ ሁሉን በጋራ ስማችን እናስመዝግብ ብለው ተስማሙ፤ ጣጣው ከዚያ ይመጣል። «ኢን ማይ ላይፍ» በተባለው የ1965 ዘፈን ዜማ ላይ ራሳቸው ባለቤቶቹ ሊስማሙ አልቻሉም። በኋላ የስታቲስቲክስ ምሁራን ዜማውን በቁጥር መርምረው ወደ ሌነን ቢያዘነብሉም፣ የማካርትኒ ወገን በሂሳብ የሚረታ አልሆነም።

ጨዋታውን ባንዱም እንደተጫወተበት መሸሸግ አይቻልም። በ1967 ሌነን ከተማረበት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ደብዳቤ ጻፈለት፤ መምህራችን የእናንተን ግጥም በክፍል ውስጥ ያስተነትነናል የሚል። ሌነን ሳቀና «አይ አም ዘ ዋልረስ»ን ፍቺ እንዳይገኝለት አድርጎ ጻፈው። በዓመቱ ደግሞ «ግላስ አኒየን» በተባለው ዘፈን ፈቺዎቹን ሆን ብሎ በሐሰት ምልክት አሳሳታቸው። በቅኔ ቤት ቢሆን ወርቅ የሌለው ሰም ያቀረበ ተማሪ ይገሠጻል። ሌነን ግን ተጨበጨበለት።

ቀልዱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አራቱ ልጆች ዜብራውን በተሻገሩበት በዚያው ቀን፣ ኦገስት 8 ለ9 አጥቢያ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቻርልስ ማንሰን ተከታዮች አንድ ቤት ገብተው አምስት ሰዎች ገደሉ። በማግስቱ ሌሊት ባልና ሚስት ጨመሩ። ከነዚህ ሟቾች ቤት ፍሪጅ በር ላይ የቢትልስ ዘፈን ርዕስ፣ «ሄልተር ስኬልተር»፣ ከነፊደል ግድፈቱ በደም ተጽፎ ተገኘ። ዐቃቤ ሕጉ በችሎት እንዳስረዳው ማንሰን በ1968 የወጣውን ነጭ ሽፋን ያለውን ሸክላ ደጋግሞ እየሰማ፣ ቢትልስ የሚመጣውን የዘር ጦርነት ለእኔ እየነገሩኝ ነው ብሎ ለተከታዮቹ ይሰብክ ነበር። ለመሆኑ ሄልተር ስኬልተር ምንድን ነው? በእንግሊዝ የመዝናኛ ሜዳ ላይ የሚቆም፣ ልጆች ከላይ እየተጠማዘዙ የሚወርዱበት ሸርተቴ ነው።

የዲትሮይቱን ደዋይና ማንሰንን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጤ አይደለም። አንዱ ሲስቅ አመሸ፤ ሌላው ሰው አስፈጀ። ሁለቱም ግን ለአንድ ሕዝብ የተዘፈነውን ዘፈን ለእኔ ብቻ የተላከ ደብዳቤ ነው ብለው ከፍተውታል። ሽፋን በእንፋሎት የሚልጠው ሰው ቢያንስ ከሥሩ ያለውን ለጎረቤቱ ያሳያል፤ ጎረቤቱም «የታለ?» ብሎ ይሟገተዋል። ማንሰን የታለ የሚለው ሰው አልነበረውም።

ወደ ፖል ልመለስ። «ላይፍ» መጽሔት ዘጋቢዎቹን ስኮትላንድ ወዳለው የእርሻ ቤቱ ላከ። ፖል በመጀመሪያ ቢቆጣም በኋላ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሣ። ኖቬምበር 7 ቀን 1969 መጽሔቱ ፖል አሁንም ከእኛ ጋር ነው ብሎ በፊት ገጹ አወጣው። አንባቢው ተረጋጋ። በውስጥ ገጽ ላይ ግን ፖል ሌላም ነገር ተናግሮ ነበር፤ የቢትልስ ነገር አብቅቷል ብሎ። ምሳሌ አልተጠቀመም፣ በታርጋ አልጻፈም፣ ወደ ኋላ አላሽከረከረም። በግልጽ ቋንቋ ለጋዜጠኛ ተናገረ። ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር ሌነን ለጓደኞቹ ልወጣ ነው ብሏቸው ነበር፤ ጉዳዩ በሚስጥር ተይዞ ነው እንጂ ባንዱ ፈርሷል።

ጋዜጠኝነት ስማር ዋናው ዜና በመጀመሪያው አንቀጽ ይቀመጥ ይሉን ነበር። በዚያ ሳምንት የዓለም ጋዜጦች ከዚያ መጽሔት የወሰዱት «ሰውየው አልሞተም» የሚለውን ነበር፤ «ባንዱ ሞቷል» የሚለውን ማንም አላነሣው። በየዶርሙ ሸክላ ወደ ኋላ የሚያሽከረክሩት ተማሪዎችም አላዩትም። አምስት ወር ቆይቶ ኤፕሪል 10 ቀን 1970 የፖል መውጣት በጋዜጦች ሲታወጅ ሁሉም እንደ መብረቅ ወረደበት። ያን ጊዜም «ማን አፈረሰው?» የሚል አዲስ ሙግት ተጀመረ፤ በ2021 ፒተር ጃክሰን የ1969ኙን የልምምድ ፊልም በሰዓታት ዘርግቶ ካሳየ በኋላ እንኳ አላለቀም።

ባዶ እግር የሆነበትን ምክንያት ፖል ብዙ ጊዜ ተጠይቋል። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ሰንደል ጫማ አድርጎ መጥቶ አወለቀው። ከስድስቱ ፎቶዎች በመጀመሪያዎቹ ጫማውን አድርጎ ይታያል። በ1993 «ፖል ኢዝ ላይቭ» የሚል ሸክላ ሲያወጣ ያንኑ ፎቶ አንሺ ማክሚላንን ይዞ እዚያው ዜብራ ላይ ተመለሰ። በዚህኛው ሽፋን ጫማ አድርጎ፣ ትልቅ ውሻ እየጎተተው ይሻገራል። ቮልሷም አለች። ታርጋዋ ተቀይሮ 51 ሆኗል፤ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ፊደላትም «ነው» ይላሉ። ዕድሜው ያን ጊዜ በትክክል 51 ነበር።