መጥሪያ፣ ድንበር ተሻጋሪ (በመንደር 8 አካባቢ)

መጥሪያ ማለት ፍርድ ቤት ተከሳሽ ወይም ምስክር በቀጠሮው ቀን ከችሎት እንዲቀርብ በማኅተሙ የሚያዝበት ጽሑፍ ሲሆን፣ ከተጻፈበት ሀገር ሥልጣነ ዳኝነት ወጥቶ በባዕድ ምድር ለሚኖር ሰው የሚላክ እንደ ሆነ ግን ትእዛዝነቱ ይቀርና ልመና ይሆናል፤ የተለመነው መንግሥት በራሱ ዳኛ አስፈቅዶ በራሱ መልእክተኛ እጅ ካላደረሰው በቀር የሚያስገድድ ኃይል የለውም።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ባለጉዳይ ባላጋራውን መንገድ ላይ አግኝቶ «በሕግ አምላክ» ሲለው፣ ተጠሪው ቆሞ፣ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ በቁራኝነት እስከ ዳኛው ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር። ያ ጥሪ ወረቀት ያላስፈለገው ሁለቱም የሚፈሩት ሕግ አንድ ስለ ነበረ ነው። ዛሬም በአሜሪካ የአንዱ ግዛት ጠበቃ የምስክር መጥሪያን ለሌላው ግዛት ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሲያቀርብ፣ ሬጅስትራሩ ዳኛ ሳይጠይቅ በራሱ ፍርድ ቤት ስም ደግሞ ያወጣለታል፤ ይህን ያቀለለው እ.ኤ.አ. በ2007 የተነደፈውና አብዛኞቹ ግዛቶች የተቀበሉት ወጥ ሕግ ነው።

በሱዳን በገዳሪፍ ግዛት ያለው መንደር 8 ግን ከእንዲህ ያለው ምቾት የራቀ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት የተሰደዱ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደዚህ መሸጋገሪያ ሰፈር ጐርፈዋል፤ ብዙዎቹም በኋላ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ተወስደዋል። እንግዲህ በሁመራ ወይም በጎንደር የውርስ ክስ ቢከፈትና ተከሳሹ በዚያ መጠለያ ቢገኝ፣ ሰውዬው ከድንበሩ ብዙ ሳይርቅ ሳለ፣ መጥሪያው በዲፕሎማሲ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ለሱዳን መንግሥት ቀርቦ፣ በዐረብኛ ተተርጕሞ፣ ወደ ገዳሪፍ ዳኛ መውረድ አለበት፤ የመድረሱም ማረጋገጫ በዚያው መንገድ ይመለሳል። መጥሪያን ስለ ማድረስ እ.ኤ.አ. በ1965 በሄግ የተደረገውን ውል ኢትዮጵያም ሱዳንም አልገቡበትም፤ ሱዳን የተቀበለችው የ1983ቱ የሪያድ ስምምነትም በዐረብ ሀገሮች መካከል የሚሠራ ነው።

ቈንስል፣ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና ውል እንደሚፈቅድለት፣ የፍርድ ቤት ጽሑፍ ማድረስ ይችላል፤ ኢትዮጵያም በገዳሪፍ ከተማ ቈንስላ የከፈተች ስለ ሆነ መንገዱ አጭር ይመስላል። ነገር ግን በፈቃዱ ወደ ሀገሩ መንግሥት ጥበቃ የተመለሰ ሰው፣ በ1951ዱ የስደተኞች ውል መሠረት፣ ስደተኝነቱ ሊቀርበት ይችላልና፣ መጥሪያ መቀበል ብቻውን መብቱን ባያስቀርበትም፣ ከቈንስሉ ደጅ ለመድረስ ቢፈራ አይፈረድበትም። ያው ውል በ25ኛው አንቀጽ ስደተኛው የሀገሩን ባለሥልጣን መጠየቅ በማይችልበት ጊዜ ያስጠጋው መንግሥት እርዳታውን እንዲያመቻችለት ያዛል፤ ለዚህ ችግር ከሁሉ የቀረበው ድንጋጌ ይህ ይመስላል። የመጠለያ አድራሻ ደግሞ የሚገኘው በሱዳን የስደተኞች ኮሚሽንና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት መዝገብ ነው፤ መዝገቡም ምስጢር ስለ ሆነ ለከሳሽ እንዲሁ አይገለጥም።

አድራሻ ሲጠፋ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች በጋዜጣ ጥሪ እንዲደረግ ያዛሉ፤ «አዲስ ዘመን»ም ይህን ጥሪ ሲያወጣ ኖሯል። በመንደር 8 ዳስ ውስጥ ያን ዕለት ጋዜጣው ይነበባል ብሎ ከልቡ የሚያምን ዳኛ አለ ለማለት ያስቸግራል፤ ቢሆንም ተከሳሹ ካልቀረበ ክርክሩ በሌለበት ይሰማል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በካርቱም ውጊያ ተነሥቶ የሱዳን መሥሪያ ቤቶች ወደ ፖርት ሱዳን በመዛወራቸው የደብዳቤው ጕዞ ረዝሟል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው፣ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78፣ መጥሪያው በሚገባ እንዳልደረሰው አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሣለት በ1 ወር ውስጥ ማመልከት ይችላል፤ ወሩ የሚቈጠረው ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ ስለ ሆነ፣ ስደተኛው ከዓመታት በኋላ ቢመለስም የተዘጋውን መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል።