ዜና ልዕልት ተናኘወርቅ፣ በቡልጋሪያ ሰፈር የተጻፈ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የአንዲት እናት ዜና እንጽፋለን። የቀድሞ ጸሐፍት የነገሥታቱን ዘመቻ፣ ሹመትና ሽረት፣ ድልና ምርኮ ሲጽፉ ኖሩ፤ እናቶችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ንጉሥ ሲወለድና ንጉሥ ሲቀበር ብቻ አነሷቸው። እኔ የቡልጋሪያ ሰፈር ሰው ነኝ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከቡልጋሪያ ኤምባሲ ነው፤ ክፍለ ከተማችን ደግሞ ከሕፃኑ ሰማዕት ከቅዱስ ቂርቆስ። ወደ ሜክሲኮ ስሄድ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ከፊቴ ይቆማል። በጥር 2004 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት፣ መሠረቱም ሳይጣል፣ በዚያ መሬት ላይ ከርቸሌ የተባለው እስር ቤት ነበረ፤ በከርቸሌም ውስጥ ዓለም በቃኝ የተባለው ወህኒ። እኒህ እናት ከእነ ሴት ልጆቻቸው በዚያ ግቢ ታስረው ኖረዋልና፣ ዜናቸውን ለመጻፍ ከቡልጋሪያ ሰፈር ሰው ይልቅ የሚቀርብ የለም።

ልዕልት ተናኘወርቅ በ1904 ዓ.ም. በጥር ወር ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሐረር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው፤ ለሁለቱ ጋብቻም የመጀመሪያ ፍሬ ሆኑ። የክርስትና ስማቸው ፍቅርተ ማርያም ተባለ። እንደዚያ ዘመን ልማድ ገና በልጅነታቸው ለደስታ ዳምጠው ተዳሩ። የደስታ አባት ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ በዓድዋ የወደቁ ናቸውና ደስታ ያለ አባት ያደገ ሰው ነበር። ከዚህ ጋብቻ አምሐና እስክንድር፣ አይዳ፣ ሩት፣ ሰብለና ሶፊያ ተወለዱ፤ ሁለት ወንድ አራት ሴት።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ራስ ደስታ በደቡብ ጦር ግንባር ነበሩ። ንጉሠ ነገሥት የሆኑት አባታቸው በሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባ ሲወጡ ቤተሰቡ ተከትሎ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ተቀመጡ። ራስ ደስታ ግን አልወጡም። ከሲዳሞ እየተዋጉ ወደ ሰሜን ሲሻገሩ በጉራጌ አገር ተያዙ፤ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጥይት ተደበደቡ። በአዲስ አበባ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ከሆነ ገና 5 ቀን ነበር። ልዕልቲቱ ያን ጊዜ የ25 ዓመት ሴት ናቸው። ባዕድ አገር፣ ብርድ፣ ገንዘብ ያጠረበት ቤት፣ አባት የሌላቸው ስድስት ልጆች። በዓድዋ አባቱን ያጣው ሰው ልጆቹን እንደራሱ ያለ አባት ትቶ ሄደ።

አገር ነጻ ከወጣ በኋላ ተመለሱ፤ እንደገናም አገቡ፣ ሌሎች ሴቶች ልጆችም ወለዱ። የኋለኛው ባላቸው ራስ አንዳርጋቸው መሳይ በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ሲሾሙ እሳቸውም በአሥመራ ተቀመጡ። በቤተ መንግሥት ቃላቸው የሚሰማ፣ በአቋማቸውም ጠንካራ እንደነበሩ ይነገራል። በወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የዘውዱ ቤት መዘግየቱን አልሰውርም፤ ዜና ጸሐፊ የሚወደውን ሰው ቤት በደል ከሸሸገ ብዕሩ ይረክሳል። እኔ የምከተለው ግን የእናትነታቸውን መንገድ ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ሐዘን ተከታትሎ መጣ። እህታቸው ዘነበወርቅ ሃያ ዓመት ሳይሞላት ከወረራው በፊት ሞታ ነበር። በእንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረችው እህታቸው ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በነቀምት በወሊድ ሞተች። ልጃቸው አምሐ በወጣትነቱ ተቀጨ። ወንድማቸው መኮንን በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። በ1954 ዓ.ም. በየካቲት እናታቸው እቴጌ መነን፣ በሚያዝያ ደግሞ የሁሉም ታናሽ የሆነው ወንድማቸው ሣህለ ሥላሴ። ጥቁር ልብስ ሳይወልቅ ሌላ ጥቁር ልብስ ይለበስ ነበር። እቴጌይቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ከወለዷቸው ስድስት ልጆች የቀሩት ተናኘወርቅና ወንድማቸው አልጋ ወራሹ ብቻ ሆኑ፤ አልጋ ወራሹም በ1965 ዓ.ም. በሕመም ወደ ውጭ አገር ሄዱ።

በ1967 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ፤ የቤተ መንግሥቱ ቤተሰብም ተያዘ። ኅዳር 14 ቀን ሌሊት በከርቸሌ ግቢ ያለ ፍርድ 60 ያህል ሰዎች ተገደሉ። ከእነሱም መካከል የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ፤ የተናኘወርቅ ልጅ። ባሏ በጣሊያን ጥይት፣ ልጇ በወገን ጥይት።

ሐምሌ 19 በቂርቆስ ንግሥ ቀን የምንሰማው ታሪክ አለ። የቂርቆስ እናት ኢየሉጣ የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ወደሚፈላው ውኃ ስትቀርብ ልቧ ራደ፤ ሕፃኑም አጽናናት፤ ቅዱስ ገብርኤል ወርዶ እሳቱን አበረደ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ግን አሁን አሁን ሐሳቤ ወደ ከርቸሌ ይሄዳል። ለእስክንድር እሳቱ አልበረደም።

ልዕልቲቱም ከጊዜ በኋላ ልጃቸው ወደተገደለበት ወደዚያው ግቢ ገቡ። አራቱ ሴቶች ልጆቻቸው አይዳ፣ ሩት፣ ሰብለና ሶፊያ አብረዋቸው ነበሩ፤ የወንድማቸው የመኮንን ሚስት ልዕልት ሣራም። በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ዓመት ዓመትን ተካው። ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ሲባል ልጃቸው አስከሬን አላዩም፣ ቀብር አልቆሙም። የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ በ1969 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። የሰብለ ባል፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የነበሩት ደጃዝማች ካሳ ወልደ ማርያም፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። እናቲቱ በ25 ዓመታቸው በባዝ ያዩትን መበለትነት በልጃቸው ላይ ዳግመኛ አዩት፤ ያን ጊዜ ግን ልጃቸውን ወደ ሌላ ክፍል ወስደው ብቻዋን የሚያስለቅሱበት ቦታ እንኳ አልነበረም። የልጅ ልጆቻቸው በባዕድ አገር አደጉ። አያት ለልጅ ልጅ የምትሰጠው ጉርሻ፣ ምርቃትና ተረት በግንብ ተከለለ።

ከግንቡ ውጭም እናቶች ነበሩ። በከርቸሌ በር ጎሕ ሳይቀድ ስንቅ ይዘው ይሰለፉ ነበር፤ በሳህን የተጠቀለለ እንጀራ፣ በፔርሙስ ሻይ። የአንዲት እናት ሳህን ባዶውን ከተመለሰ ልጇ በልቷል፤ በሕይወትም አለ። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» የተባለች እናት ግን ሳህኗን እንደያዘች ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። የንጉሥ ልጅ ከውስጥ፣ የድሃ እናት ከውጭ፤ ግንቡ አንድ ነበር። ስማቸው በየትም ያልተጻፈውን እነዚያን እናቶች እዚህ ባላነሳቸው ዜናዬ ጎዶሎ ይሆንብኝ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ሴቶቹ ተፈቱ። ልዕልቲቱ ሲወጡ ከ75 ዓመት በላይ ነበሩ። ወደ ውጭ አገር ሄደው በየአገሩ ከተበተኑት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ጋር ኖሩ። በ1984 ዓ.ም. በዚያ የኅዳር ሌሊት የተገደሉት የ60ዎቹ ዐፅም ከጅምላ መቃብር ወጥቶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ። በ1991 ዓ.ም. ልዕልት ተናኘወርቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ደግሞ ያኔ ያልቀበሯቸው አባታቸው በዚያው ካቴድራል ተቀበሩ።

መጋቢት 28 ቀን 1995 ዓ.ም. ልዕልት ተናኘወርቅ በ91 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። በሥላሴ ተቀበሩ፤ እናትና አባታቸው ባሉበት፣ እስክንድርም ባለበት ግቢ።