ሥዕላዊ የመድኃኒት ትምህርት ለእናቶች

ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን ኦፒዮይድ ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ወገን ናቸው። ያለ አግባብ ሲወሰዱ ሱስ ያስይዛሉ፤ መጠናቸው ሲያልፍ ትንፋሽ ያዳክማሉ። ለኢትዮጵያውያን እናቶች ግን ከዚህም የቀረበ ስጋት አለ። ኮዴይንን በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው ላይ የዚህ ኢንዛይም ጂን ተባዝቶ አግኝቷል። እንዲህ ያለች እናት ኮዴይን ስትወስድ ሞርፊኑ ፈጥኖና በዝቶ ይመረታል፤ በጡቷ ወተትም ወደ ጨቅላው ያልፋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው በዚሁና በመሰል ምክንያት ነው።

ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ብቻ ከቀረ ለብዙዎቹ አይደርስም። እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ነበሩ። ሥዕል ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን ከውጭ የተቀዳ ሥዕል አይበቃም። በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ንጽጽር፣ ከአካባቢው ሰዎች ጋር የተሠሩት የመድኃኒት ምልክቶች ከአሜሪካ ከመጡት ይልቅ ለተመልካቹ ገብተውታል። ለአካባቢው የሚስማማ ሥዕል ለመሥራት ጎንደርን እንውሰድ፤ የራሷ የሥዕል ወግ ያላት ከተማ ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ1730ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት ዘመን በዳበረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ይሣላል፤ ሰይጣንና ኃጥእ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ታማሚዋን በጎን የሚያሳይ ዘመናዊ ምልክት ለዚህ ወግ ባዳ ላልሆነ ዓይን ጥፋተኛ ሊያስመስላት ይችላል። ከዚህ የከፋው ክልከላን የሚያመለክተው ቀይ መሥመር የሚያርፍበት ቦታ ነው፦ በምታጠባ እናት ላይ ከተሠመረ «ጡት አታጥቢ» ተብሎ ሊነበብ ይችላልና፣ መሥመሩ በእንክብሉ ላይ ብቻ ሊያርፍ ይገባል።

አንዳንዶች ሥዕሉ ፍርሃት ይነዛል፣ በቀዶ ሕክምና የወለደችም ሕመሟን ዋጥ አድርጋ ትቀመጣለች ይላሉ። ስጋቱ እውነት አለው፤ ሕመም በወጉ በማይታከምበት አገር ክልከላን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ጉዳት ነው። ስለዚህ ከተከለከለው እንክብል ጎን ፓራሲታሞልና ሐኪም የምትጠይቅ እናት መሣል አለባቸው። የፋርማሲስቱ ቃል ይበቃል የሚሉም አሉ። ቃሉ ባይኖር ሥዕሉም ጎደሎ ነው፤ ሆኖም በመስኮት የተነገረ ምክር ቤት እስኪደረስ ይረሳል፣ በማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕል ግን ባልም አማትም ያዩታል። ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት በእናቶች ዘንድ መፈተን አለበት፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለሕዝብ ምልክቶች ባወጣው መለኪያ ከተመልካቾች ቢያንስ 67 በመቶው በትክክል ሊረዱት ይገባል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ፈተና ከማንም የቀረበ ነው።