ሦስት መንገድ፣ አንድ የመዝሙር መጽሐፍ

«ተረት ተረት» ብል «የላም በረት» ልትሉኝ ተዘጋጅታችኋል። ቆዩኝ። ሰውየው የምር የኖረ ነው፤ መጽሐፉም ታትሟል። አጀማመሩ ግን ተረት ይመስላል፤ ልጅ ነበር፣ እናት ነበረችው፣ ነጣቂዎች መጡ።

ከአዲስ አበባ ከሚወጡት ጎዳናዎች ሦስቱን በሐሳባችሁ ያዙልኝ። አንዱ በሰሜን የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚወርደው የጎጃም መንገድ ነው። ሁለተኛው በሰበታ አልፎ ወደ ጅማ ያቀናል። ሦስተኛው ቡራዩን ሰንጥቆ፣ በሆለታና በአምቦ አድርጎ ነቀምት ይገባል። እሑድ ጠዋት ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ ታክሲ ስትጠብቁ ከወዲያ ቅዳሴ ትሰማላችሁ፤ ከወዲህ ደግሞ ኪቦርድ ያጀበው የኦሮምኛ መዝሙር፣ ባለቤቶቹ ፋርፈና የሚሉት። የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ስለ ኦሮምኛው መዝሙር ነው፤ ኪቦርዱ ሳይመጣ ስለነበረበት ዘመን። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ መጽሐፎቹ የታተሙት በዚያ አቆጣጠር ስለሆነ።

ልጁ ሂካ ይባላል። የተወለደው በኢሉባቦር፣ ዛሬ ሁሩሙ በምትባለው አካባቢ፣ በ1850ዎቹ ውስጥ ነው። ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ነጥቀው ሸጡት። የገዛውም ሸጠው፤ ከዚያም የገዛው ሸጠው። ስምንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል ይባላል። በመጨረሻ በ1870 ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊሳዊ ነፃ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 መጋቢት ወር ተጠመቀ፤ ስሙም ኦነሲሞስ ተባለ። ከጳውሎስ መልእክት የተወሰደ የአንድ ባሪያ ስም ነው። ቀጥሎ ስዊድን ተልኮ በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ።

እስካሁን «እሱ» ያልኩት ልጅ ስለነበረ ነው። ከዚህ ወዲያ ግን አንቱ እላቸዋለሁ፤ የተማሩና ያገቡ ሰው ናቸውና።

በ1881 ሲመለሱ ልባቸው ያለው አገር ቤት ነበር፤ የትውልድ አገራቸው ገብተው በቋንቋቸው ማስተማር። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከሩ። ድንበሩ አካባቢ ደርሰው ተመለሱ፤ የመሐዲ ዐመፅ በሱዳን የሚነሣበት ጊዜ ነበር። ካርቱም ላይ ንዳድ ጣላቸው፤ ኦነሲሞስ ግን ተረፉ።

ሁለተኛው ሙከራ በታጁራ ወደብ በኩል ነበር። አሁን ወደ ሰፈራችን ቀረብን። የ1880ዎቹ አጋማሽ ነው፤ አዲስ አበባ ገና ከተማ አልሆነችም፤ ንጉሥ ምኒልክ መናገሻቸውን ያደረጉት እዚሁ ከሱሉልታ በላይ እንጦጦ ጋራ ላይ ነው። ተጓዦቹ ሸዋ ገብተው ወደ ጅማ እንለፍ አሉ። ጅማ ማለት በዛሬው የሰበታ ጎዳና መጨረሻ ያለችው ናት። ምኒልክ አላሳለፏቸውም። የበላዩ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናውያን እንዳይገቡ ከልክለዋል፤ ያንን ትእዛዝ መጣስ ደግሞ ለሸዋው ንጉሥ አይመችም። ብዙ ሰው ይሄን የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ያደርገዋል፤ እኔ የቤተ መንግሥት ሒሳብም አይበታለሁ። ለማንኛውም ተመለሱ። ከምጽዋ ወጣ ብላ ባለችው በምንኩሉ የሚሲዮን ሰፈር ተቀመጡ።

መንገድ ሲዘጋባቸው ምን አደረጉ? መዝሙር ጻፉ! በ1887 ከምንኩሉ ማተሚያ መቶ መዝሙሮች የያዘ የኦሮምኛ መጽሐፍ ወጣ። ብዙዎቹ ስዊድን አገር ከለመዷቸው መዝሙሮች የተመለሱ ነበሩ። የሚዘምራቸው ሕዝብ ግን አጠገባቸው የለም። ያለው በጣት የሚቆጠር ነፃ የወጣ ልጅ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፤ ዘማሪ የሌለው የመዝሙር መጽሐፍ። ደፋር ሰው ነበሩ፤ ወይም ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ሁለቱ አንዳንዴ አይለያዩም።

የፊደሉንም ነገር ልንገራችሁ። ያኔ ቁቤ የሚባለው የላቲን አጻጻፍ የለም፤ ኦሮምኛው የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። በድሮዎቹ የኦሮምኛ ህትመቶች የምታዩት «ዸ» የዚያ ዘመን ትዝታ ነው፤ የኛ «ደ» ለማይችለው ድምፅ ጭረት ተጨምሮለት። በኛ አቆጣጠር ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል የተማረ የቡራዩ ወጣት አያቱ የሚያነቡትን አሮጌ መጽሐፍ ቢገልጥ ለማንበብ ሊቸገር ይችላል፤ ዜማውን ግን አያቱ ሲያንጎራጉሩ ቢሰማ ይቀበላቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ፊደሉ ተቀየረ፣ መንግሥት ተቀየረ፣ ጉሮሮው ግን ቀጠለ። የስዊድን ዜማም በኦሮሞ ጉሮሮ ሲያልፍ እንደነበረ አይቀርም፤ እየተጎተተ፣ እየተለወሰ፣ በእልልታ እየተቆረጠ የአገር ልጅ ይሆናል። ዛሬ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከሚይዟቸው የኦሮምኛ መዝሙር መጻሕፍት በስተጀርባ ያ የምንኩሉ መጽሐፍ አለ።

አንድ ችግር ግን ነበር። ኦነሲሞስ ቋንቋቸውን የተነጠቁት በልጅነታቸው፣ ከእናታቸው ጋር ነው። በልጅነቱ የተነጠቀ ሰው ምን ያህል ኦሮምኛ ይዞ ይሄዳል? የቤቱንና የመንደሩን። መጽሐፍ ቅዱስን ለመመለስ ይሄ አይበቃም። መፍትሔው የመጣው ከባሕር ነው። በ1886 የጣሊያን መርከብ ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ ይወሰዱ የነበሩ ልጆችን አስጥሎ ወደ ምንኩሉ አመጣቸው። ከእነዚያ ውስጥ አስቴር ጋኖ የምትባል የሊሙ እናርያ ልጅ ነበረች፤ አገሯ ያው ያልተፈቀደው የጅማ መንገድ የሚያደርሰው ነው። አስቴር ቋንቋውን ከነሙሉ ሀብቱ ይዛ መጥታለች። ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌ፣ ዘፈን፤ አምስት መቶ ያህል ከአእምሮዋ አውጥታ ጽፋለች። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ሥራም ይዛለች። አዋቂው ተርጓሚ ከልጅቱ አፍ የእናቱን ቋንቋ ይማር ነበር ማለት ነው።

አዲስ ኪዳን በ1893 ወጣ፣ የአስቴር ተረትና ዘፈን የገባበት የንባብ መማሪያ በ1894፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ቅድስት ክሪሾና ታተመ።

ሦስተኛው መንገድ የተከፈተው በ1904 ነው። ኦነሲሞስና አስቴር ከባልደረቦቻቸው ጋር አዲስ አበባ ገብተው በስተምዕራብ ወጡ፤ የቡራዩ ሰው ዛሬ በሚኒባስ በሚሄድበት አቅጣጫ። ነቀምት ላይ የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስብከቱም በኦሮምኛ ሆነ። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መሰበኩ ለአካባቢው ካህናት አልተዋጠላቸውም። ክስ ቀረበ፣ ኦነሲሞስ በ1906 በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆሙ፣ ይሰደዱ ተባለ። ያኔ ያው ሸዋ ላይ የመለሷቸው ምኒልክ ፍርዱን አቀለሉት፤ ነቀምት ተመለስ፣ አትስበክ አሉ። የስብከቱን ፈቃድ በ1916 የሰጡት የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ናቸው። ልጅ ኢያሱ ላይ የሚነገረው ክፉ ወሬ ብዙ ነው፤ ይቺንም በጎ ነገር ከወሬው ጋር ቁጠሩላቸው።

በእነዚያ አሥር ዓመታት ስብከት ተከለከለ እንጂ ማስተማር አልተከለከለም፤ ተማሪ ደግሞ ፊደል የያዘ ዕለት የያዘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነባል። ኦነሲሞስ በሰኔ 1931፣ በዕለተ እሑድ ነቀምት ላይ ዐረፉ።

ታዲያ ስለ ዝማሬው ስናወራ ስማቸው ሁሌ ይነሳል፤ ይገባቸዋልም። የ1894ቱን የንባብ መማሪያ ሽፋን ብታዩ ግን በደራሲነት የተጻፈው «ኦነሲሞስ ነሲብ» ነው። ተረቱንና ዘፈኑን ያዋጣችው ልጅ ሽፋኑ ላይ የለችም። እመት አስቴር ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ኖረው፣ ወለጋ ላይ ስንቱን ልጅ ፊደል አስቆጥረው፣ በ1964 ዐረፉ።